የማክሰኞው ቅምሻ

ሩታ ኤርሳዶ ስትሞት አጠገቧ የነበሩት ሰዎች እየሳቁ ነበር።

በክፋት አይደለም። «ትንታ» በሚባለው የመክሰስ ፋብሪካ ማክሰኞ ማክሰኞ ዳጣ፣ ያ የሚፋጀው የወላይታ በርበሬ ድልህ፣ ሲቀመስ መሳቅ ወግ ነው። ቀማሹ ያነባል፣ ያልበዋል፣ ንፍጡ ይዝረከረካል፣ ለሃጩን መዋጥ ያቅተዋል፤ ሌላው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ተራው ሲደርስ ደግሞ ይሳቅበታል። ስለዚህ ያን ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የሃያ ሦስት ዓመቷ የጥራት ክፍል ረዳት ሩታ ስታነባና ለሃጯ አገጯ ላይ ሲወርድ «አይ ሩታ! የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ሆነሽ!» እያሉ ሳቁባት። ከወንበሯ ስትወድቅ እንኳ የፋብሪካው ባለቤት አቶ ዘሩባቤል «ትወና ነው!» ብሎ አጨበጨበ። ሳቁ የቆመው ከንፈሯ ሲጠቁር ነው።

ኢንስፔክተር ወርቅውሃ ዳና ስልክ ሲደወልላት ሶዶ ፖሊስ ጣቢያ ቁጭ ብላ የተሰረቀ ባጃጅ ጉዳይ ትጽፍ ነበር። የደወለው አለቃዋ ኮማንደር በድሉ ነው።

«ሰው በዳጣ ሞተ» አላት።

«ቀልድ ከሆነ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ቀልድ አይደለም። ሬሳው ኦቶና ሆስፒታል ነው። ገዳይዋን ይዣታለሁ፤ ዳጣውን የሠራችው አዛለች የምትባል ናት። ሐሙስ አራት ሰዓት ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ። አንቺ ወረቀቱን ብቻ አሟይልኝ።»

ኮማንደሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያስራል፣ ከዚያ ይጠይቃል፤ መልሱ ካልተመቸው ደግሞ ጥያቄውን ይለውጣል።

ስለ ወርቅውሃ አንድ ነገር ይታወቅ። ወላይታ ሆና ዳጣ የማትበላ ሴት ናት። ይህ ሶዶ ውስጥ ቀላል ነውር አይደለም። ሠርግ ቤት ጥሬ ሥጋ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ዳጣ ሲያጠቅስ እሷ በጨው ትበላለች፤ አክስቶቿም «ይቺ ልጅ ስትወለድ ተለውጣ ይሆናል» እያሉ ያሟታል። «ትንታ» ደግሞ ከሶዶ ወደ ጉኑኖ በሚወስደው መንገድ ዳር የስኳር ድንችና የቦዬ ቺፕስ እየጠበሰ፣ ዳጣ እየቀባ የሚሸጥ፣ ዳጣውንም በጠርሙስ የሚያወጣ ድርጅት ነው። ዳጣው ሦስት ደረጃ አለው፤ «ልጅ»፣ «ጎረምሳ» እና «አማት»። ከ«አማት» የሚብስ አራተኛ ተሠርቶ ስም እስኪወጣለት ይጠበቅ ነበር። የዚያ ማክሰኞ ቅምሻም የሱ ነበር።

ኦቶና ስትደርስ ዶክተር አሮን ከሬሳ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ዳጣ ነው የገደላት?»

«ዳጣ ሰው ቢገድል፣ ኢንስፔክተር፣ ወላይታ የሚባል ሕዝብ ዛሬ አይኖርም ነበር» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስትመጣ ነፍሷ አልወጣም ነበር። ዓይኗን አየሁት፤ ብሌኗ የመርፌ ቀዳዳ አክሎ ነበር። በርበሬ ያቃጠለው ሰው ብሌኑ ይሰፋል እንጂ እንዲህ አይጠብም። ይሄ የተባይ መድኃኒት ነው። እንባ፣ ላብ፣ ለሃጭ... መጀመሪያ ላይ ሲያዩት ልክ በርበሬ የበላ ሰው ይመስላል። ሽታውም ነጭ ሽንኩርት ነገር ስለሆነ ከዳጣ ጋር ማን ይለየዋል?»

ወርቅውሃ ወጣችና ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለ ሱቅ አንድ «አማት» ቺፕስ ገዝታ ተመለሰች። ሦስት ፍሬ በአንዴ አፏ ውስጥ ከተተች። ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«ዶክተር! ዓይኔን! ቶሎ ይዩ!»

«ሰፍቷል። በደንብ ሰፍቷል።»

«እሺ... ውሃ! ውሃ!»

«ውሃ ያብሰዋል፤ ወተት ነው የሚሻለው» አለ ዶክተሩ፤ ሊስቅ ከጅሎት ከበሩ ጀርባ የተኛችውን ልጅ አስታውሶ ተወው።

* * *

የቅምሻው ክፍል ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር፣ ማንኪያ የተሰካበት ድስት፣ አራት ኩባያ፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭና ቢጫ። ወርቅውሃ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ጠረጴዛውን ሁለቴ ዞረችው። ድስቱ ላይ ዝንብ ዝር አይልም፤ ዝንብም ነፍሱን ይወዳል። ኩባያዎቹ ውስጥ የወተት ርዝራዥ አለ። በቀዩ፣ በአረንጓዴውና በነጩ ዙሪያ ዝንቦች ይጨፍራሉ። ቢጫው ውስጥ አጎነበሰች። ሰባት ዝንቦች እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ተኝተዋል።

አቶ ዘሩባቤል በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ይዘጋል፣ ስልኩ መልሶ ይጮኻል።

«ማነው እንዲህ የሚነዘንዝዎት?»

«ነጋዴዎች ናቸው» አለ አፍሮ። «ከአርባ ምንጭ፣ ከሆሳዕና። "ሰው የሚገድል ዳጣ ወጣ" ተብሎ ተወርቷል። ሁሉም ላክልን ይላል። ምን ልበላቸው? እምቢ አይባል፤ ሥራ ነው።»

ወርቅውሃ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ሰውዬው ኮቱን ቆለፈና መልሶ ፈታው።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«አራት ሰዓት ላይ እንደ ልማዳችን ጸሎት አደረስን። የመራሁት እኔ ነኝ፤ ሩታ ዘመረች። ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ነበር። ወተቱን አዛለች አስቀድማ ቀድታ ጠረጴዛ ላይ ትታዋለች። ከጸሎት ስንወጣ እኔ፣ ሩታ፣ አዛለችና ተሻገር ገባን፤ ቀመስን።»

«ከጸሎቱ የቀረ ሰው አለ?»

«አዛለች ድስት እያማሰለች ነበር። የጥራት ባለሙያችን ተሻገር ከደብረ ማርቆስ የመጣ ኦርቶዶክስ ስለሆነ በጸሎት ሰዓት ቢሮው ነው የሚቆየው። ጋሽ ኤርሳዶም ያኔ ነው የደረሱት። የሩታ አባት ናቸው፤ በርበሬ የሚገዙልን። ሰኞ ሳይነጋ ሃላሌ ሄደው፣ አድረው ጭነው መጡ።»

«ቅምሻው ላይ ነበሩ?»

«መጋዘን ነበሩ። ሳቃችንን ሰምተው መጡ። ምን ዋጋ አለው፣ ልጃቸው ስትወድቅ ደረሱ። ጣታቸውን ጉሮሮዋ ከተው ሊያስታውኳት ታገሉ። አባት አይደሉ! ከዚያ ይዘናት ወደ ኦቶና ከነፍን። ተሻገር ብቻ ደንዝዞ እዚሁ ቁጭ እንዳለ ቀረ።»

«ኩባያው የማን የማን ነው?»

«ቀዩ የኔ፣ አረንጓዴው የሩታ፣ ነጩ የአዛለች፣ ቢጫው የተሻገር። ሁሌም እንዲሁ ነው።»

«በቢጫው ማን ጠጣ?»

«እኔ እንጃ! ዓይኔ እንባ ሞልቶ እንኳን ኩባያ፣ ሚስቴ ብትገባ አለያትም ነበር።»

«ቅምሻው ለምን ማክሰኞ ሆነ?»

«ተሻገር ነው የመረጠው። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ "ያለ ወተት ዳጣ አልቀምስም" ብሎ አሳቀን። ሰሞኑን እንዲያውም ሰኞ ዕለት ፈቃድ ጠይቆኝ፣ እስከ ረቡዕ ከሰዓት ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነው የሚውለው።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ወርቅውሃ ቢጫውን ኩባያ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ ወጣች።

* * *

አዛለች የአምስት ወር ልጅ እናት ናት። ጣቢያ ስትገባ ልጁን ከእናቷ ጋር በር ላይ አስቀርተውባታል፤ በየሦስት ሰዓቱ እያስገቡ ታጠባዋለች። ወርቅውሃ ስትደርስ ልጁ ጡት ይዞ ያለቅሳል።

«እምቢ አለው» አለች አዛለች። «ድንጋጤው ወተቴን ወሰደው መሰለኝ። ኢንስፔክተር፣ ሐሙስ ፍርድ ቤት ከወሰዱኝ ወህኒ ነው የምወርደው አይደል? ይሄ ልጅ የላም ወተት እንኳ አይቀበልም። ምን ሊሆን ነው?»

«ከሩታ ጋር ሰኞ ተጣላችሁ።»

«"ጨው በዛ" አለችኝ። "ምላስሽ ይቆረጥ" አልኳት። በቃ! ማክሰኞ ጠዋት እሷው ናት ይሄን ልጅ አቅፋ ስትጨፍር የነበረችው። ኮማንደሩ "ምላስሽ ይቆረጥ" ያልኩትን ጻፈው፤ የጨፈረችውን አልጻፈም።»

«ቢጫውን ኩባያ ለምን ሞላሽው?»

አዛለች ቀና አለች። «ለትርፍ ነዋ። አቶ ተሻገር የነነዌ ጾም ላይ ናቸው፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ። ሰኞ ምሳ ጎመን በዘይት የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ዳጣውን ለሥራ ሲሉ ይቀምሳሉ እንጂ ወተት እንደማይጠጡ አውቃለሁ። ግን አዲሱ ዳጣ አያድርስ ነው! አንድ ወተት ይትረፍ፣ ለባሰበት ሰው ይሆናል ብዬ በሳቸው ኩባያ ቀዳሁ። ሌላ ኩባያ የለንም።»

«ለማን እንደሚደርስ ታውቂ ነበር?»

«ለኔም ሊሆን ይችል ነበር። እኔም እኮ እቀምሳለሁ።» ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረችው። «ስትወድቅ እኔ ወተት ይዤ ሮጥኩ። ጋሽ ኤርሳዶ ገፍትረው ጣሉኝ። ጣታቸውን አፏ ውስጥ ከተቱ። በርበሬ ያቃጠለውን ሰው ያስታውካሉ እንዴ? ሲመለስ እኮ ሁለቴ ነው የሚያቃጥለው። ሠላሳ ዓመት በበርበሬ የኖሩ ሰው! የልጅ ነገር አሳበዳቸው።»

ወርቅውሃ መጻፍ አቆመች። ልጁን አየችው። ደክሞት እንቅልፍ ወስዶታል፤ እጁ ግን የእናቱን ቀሚስ አልለቀቀም።

* * *

ረቡዕ ሩታ ተቀበረች። የቤተ ክርስቲያኑ ዘማሪዎች መዝሙር ጀምረው መጨረስ አቃታቸው፤ ድምፃዊቷ ራሷ ናት ሳጥኑ ውስጥ የተኛችው። የአዛለች እናት የልጅ ልጇን አዝላ ከሩቅ ቆማ ስታለቅስ የሩታ እናት ወይዘሮ ትዕዛዝ አየቻት። ሕዝቡን ሰንጥቃ ሄዳ እግሯ ሥር ተፋችባት።

«የገዳይ እናት! እንዲያው ማን ነይ አለሽ?»

አሮጊቷ ሕፃኑን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዙራ ዳገቱን ወረደች።

ከቀብር መልስ ወርቅውሃ ድንኳን ገባች። ወይዘሮ ትዕዛዝ እጇን ይዛ አልለቀቃትም።

«ልጄ ከሳምንት ወዲህ እህል አይገባላትም ነበር» አለቻት። «"እማ፣ ማወቅና አለማወቅ የቱ ይሻላል?" አለችኝ። እኔ ሞኟ ፍቅር የያዛት መስሎኝ ሳቅሁባት።»

ጋሽ ኤርሳዶ ጥግ ላይ ተቀምጦ መዳፉን ያያል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ሰው ሲጣላ የሚጠራው እሱ ነው። ጠባብ ዓይኖቹ አብጠዋል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ጋሽ ኤርሳዶ።»

«አሜን።» ትንሽ ቆይቶ፣ «አዛለች ናት ያላችሁት?» አለ።

«ኮማንደሩ እንደዚያ ይላል። ነገ ትቀርባለች። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

መዳፉን እንደገና አየ። «ሕግ ያውቃል» አለ መጨረሻ ላይ።

ወርቅውሃ አጠገቡ ተቀመጠች። እንደ ዘበት፣ ለወሬ ያህል፣ «ምስኪን ተሻገር፣ ቀብር ውሎ ውሃ እንኳ አልቀመሰም» አለች። «የነነዌ ጾም ነው አሉኝ።»

«ምን ጾም?»

«የነነዌ። በዓመት አንዴ የሚመጣ የሦስት ቀን ጾም። ከሰኞ እስከ ረቡዕ።»

ጋሽ ኤርሳዶ ዞሮ አያት። «ማክሰኞም?»

«ማክሰኞም።»

ጋቢውን ቀስ ብሎ ፊቱ ላይ ሳበው። ከጋቢው ሥር ድምፅ አልወጣም። ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌዎች ሐዘኑ አዲስ የተነሳበት መስሏቸው «አይዞህ» እያሉ መታ መታ አደረጉት።

* * *

ተሻገር ቢሮው ውስጥ ነበር። ወርቅውሃ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ወተቱን ለሩታ የሰጠሃት አንተ ነህ።»

አልካደም። ፊቱ ተጨማደደ። «መጀመሪያ ለአቶ ዘሩባቤል ነው ያቀረብኩት። "የራሴን አልጨረስኩም" አሉ። ሩታ የራሷን ጨርሳ፣ "አምጣው፣ ሞትኩልህ!" አለችኝ። ሰጠኋት። በሁለት ትንፋሽ ጠጣችው።»

«ለምን ደበቅክ?»

«ማን ያምነኛል? ኩባያው የኔ፣ ሰጪው እኔ፣ ሰውም እንግዳ። ፈራሁ። አዛለችን ሲወስዷት በመስኮት እያየሁ ነበር።» ዓይኑን በእጁ ጠረገ። «ሦስት ቀን ሆዴን ጾምኩ። ምን ዋጋ አለው፣ አፌ እውነትን ነው የጾመው።»

«መርዙ የተቀመጠው ለአንተ ነው። ማን ነው እንድትሞት የሚፈልግ?»

«ቃል ገብቻለሁ፤ አልናገርም።»

«ለማን?»

«ለሩታ።»

«ለሞተች ሰው የገባኸውን ቃል ስትጠብቅ፣ በሕይወት ያለችው ነገ ወህኒ ትወርዳለች። ጡት የሚጠባ ልጅ አላት። አምጣ።»

ተሻገር መሳቢያውን ከፈተና አንዲት ወረቀት አወጣ። ወርቅውሃ ቆማ አነበበች፤ የቀረውን ተሻገር በአፉ ነገራት። ስትጨርስ አጣጥፋ ደረት ኪሷ ከተተችው። «አማት» ቺፕስ ስትበላ እንኳ ፊቷ እንዲያ አልሆነም ነበር።

* * *

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ቅምሻው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ኮማንደር በድሉ ሰዓቱን ያያል። አዛለች ካቴና የገባበት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዘሩባቤል ስልኩን አጥፍቷል። ተሻገር ግድግዳ ተደግፏል። ጋሽ ኤርሳዶን ወርቅውሃ ራሷ ናት ከድንኳን ያመጣችው፤ ሲመጣ ለምን አላለም።

«ከሁለት ሰዓት በኋላ ችሎት አለብኝ» አለ ኮማንደሩ። «አሳጥሪው።»

«አሳጥራለሁ፣ ኮማንደር። ሩታን የገደላት ዳጣው አይደለም። ከአንድ ድስት አራት ሰው ቀምሷል፤ ሦስቱ እዚህ አሉ። የገደላት ወተቱ ነው። ያውም ሁሉም ወተት አይደለም፤ በቢጫው ኩባያ ያለው ብቻ። ምስክሮቼ ሰባት ናቸው፣ ሰባቱም ኩባያው ውስጥ ሞተው ተገኝተዋል።»

«ምን?»

«ዝንቦች። በሦስቱ ኩባያዎች ላይ ዝንቦቹ ሲጨፍሩ፣ ቢጫው ውስጥ የገቡት አለቁ።»

ማንም አልሳቀም።

«ሁላችንም የተሳሳትነው አንድ ቦታ ነው። "ሩታን ማን ይጠላታል?" ብለን ጠየቅን። ማንም አይጠላትም። ግን ቢጫው ኩባያ የሩታ አይደለም፤ የተሻገር ነው። ሩታን መግደል የፈለገ ሰው መርዙን በአረንጓዴው ውስጥ ይጨምራል። የተፈለገው ተሻገር ነው።»

«ታዲያ አዛለች ተሻገርን...» ብሎ ጀመረ ኮማንደሩ።

«አዛለች ተሻገር ወተት እንደማይጠጣ ታውቃለች። ሰኞ የጾም ምሳ የሠራችለት እሷ ናት። ቢጫውን የሞላችው ለባሰበት ሰው፣ ማን እንደሚሆን ሳይታወቅ። እሷም ቀማሽ ናት። ለራሷ ሊደርስ በሚችል ኩባያ መርዝ የምትጨምር ሞኝ አይደለችም።»

አዛለች ካቴናው እንደተንጠለጠለ ፊቷን ሸፈነች።

«አቶ ዘሩባቤልም ያውቃሉ፤ ተሻገር ለጾሙ ፈቃድ የጠየቀው እሳቸውን ነው። ወተቱ ሲቀመጥም አዳራሽ ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ ፊት ጸሎት ይመሩ ነበር። ተሻገር ራሱስ? ኩባያውን መጀመሪያ ለማን ሰጠ?»

«ለኔ» አለ ዘሩባቤል። ያኔ ገና ገባውና ጉሮሮውን ያዘ። «ኧረ በኢየሱስ ስም! ለኔ ነው የሰጠኝ!»

«ሩታን ሊገድል ያሰበ ሰው ለእርስዎ አያቀርብም። ደግሞ እናንተ ወደ ኦቶና ስትሮጡ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን የቀረው እሱ ነው። መርዙን የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ወተቱን ደፍቶ ኩባያውን ያጥበው ነበር። አላጠበም፤ ምክንያቱም እሱም እንደናንተ በርበሬ ነው ብሎ አስቧል።»

ወርቅውሃ ትንፋሽ ወሰደች።

«እንግዲህ በጸሎት ሰዓት ውጭ የነበረ፣ ተሻገር በቢጫ እንደሚጠጣ የሚያውቅ፣ ጾሙን ግን የማያውቅ ሰው ማን ነው? ሁሉም ከሚያውቃቸው ረጃጅም አጽዋማት ውጭ ማክሰኞ ሁሌም የወተት ቀን ነው። የነነዌ ጾም ግን ማክሰኞን ይዞ በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ቀኑም በየዓመቱ ይለዋወጣል። ለማይጾም ሰው አይታወሰውም። ሰኞ እዚህ የዋለ ሁሉ ሰምቷል። ሰኞ ያልነበረ አንድ ሰው ነው። ማክሰኞ ጠዋት መጣ፣ ኩባያው ሞልቶ አየ። የተሻገር ወተት ነው አለ።»

ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ሰው ማየት ፈርቶ መሬት መሬቱን አየ።

«ሩታ ስትወድቅ በርበሬ ነው ብሎ ሁሉም ሳቀ። አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። ቢጫውን ኩባያ በእጇ አየ። ወተቱን ገፍትሮ፣ ጣቱን ጉሮሮዋ ከቶ ሊያስመልሳት ታገለ። በርበሬ ያቃጠለውን ሰው የሚያስታውክ በርበሬ ነጋዴ የለም። መርዝ መሆኑን ያወቀ ሰው ግን እንዲያ ያደርጋል። ጋሽ ኤርሳዶ፣ ዶክተሩ ሳያውቅ እርስዎ በምን አወቁ?»

ጋሽ ኤርሳዶ ጋቢውን ሰበሰበ።

«እብድ ነሽ?» አለ ዘሩባቤል። «የገዛ ልጃቸውን?»

«የገዛ ልጃቸውን አይደለም። ተሻገርን። ከሃላሌ የሚመጣው በርበሬ ሻጋታ አለበት፤ ሻጋታው እንዳይታይ የጨርቅ ቀለም ተቀብቷል። ተሻገር "እስከ ረቡዕ ራስዎ ለአቶ ዘሩባቤል ይንገሩ፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ" አላቸው።»

«ስሜ...» አለ ጋሽ ኤርሳዶ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ሽማግሌ ነኝ። ሰው የሚያስታርቅ ሰው ነኝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ቀለም ቀቢ ልባል? ሃላሌ ያደርኩበት ገበሬ ቤት የተባይ መድኃኒቱን ጠርሙስ አየሁት። የሚያውቀው ይሄ ልጅ ብቻ ነው፤ እሱ ከሌለ ያልቃል አልኩ።»

ተሻገር አፉን ከፈተ። ወርቅውሃ በእጇ አስቆመችው። ደረት ኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት አወጣች፤ ለአፍታ ይዛው ቆየች። ባትሰጠውም ክሱ ይጸናል። ግን ነገ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ጮክ ብሎ ከሚያነብበት አሁን ቢያየው ይሻላል አለች። ዘረጋችለት።

ጋሽ ኤርሳዶ ጽሕፈቱን ሲያይ ማንበብ አላስፈለገውም። ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው።

«በርበሬውን የመረመረችው ሩታ ናት» አለች ወርቅውሃ። «እጇ ላይ የቀረውን ቀለም አይታ ለተሻገር የነገረችው፣ ይሄን የምርመራ ወረቀትም የጻፈችው እሷ ናት። ስሜን አትጥራ፣ አባቴ ራሱ ይናገር፣ ጊዜ ስጠው ብላ የለመነችውም እሷ ናት። ተሻገርን ቢገድሉትም አያልቅም ነበር፣ ጋሽ ኤርሳዶ። የሚያውቅ ሰው ማታ ማታ ከእርስዎ ጋር ራት ይበላ ነበር።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፈ። «ዓይኔን አይታኝ ነበር» አለ። «ጣቴን ጉሮሮዋ ውስጥ ስከት... ዓይኔን አይታ እጄን ያዘችኝ። የምረዳት መስሏት ነው። ወይስ ገብቷታል? ኢንስፔክተር፣ ገብቷት ይሆን?»

ኮማንደር በድሉ ካቴናውን ከአዛለች እጅ ፈታና ወደ ጋሽ ኤርሳዶ ዞረ።

* * *

አምስት ሰዓት ላይ አዛለች ጣቢያ መዝገብ ላይ ፈርማ ወጣች። ይቅርታ ያላት ሰው አልነበረም፤ «ነጻ ነሽ» ብቻ ነው ያሏት፣ ውለታ የዋሉላት ያህል። እናቷ ልጁን ሰጠቻት። በሩ ላይ የ«ትንታ» መኪና ቆሟል። ዘሩባቤል መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን አወጣ።

«ነይ ግቢ፣ አዛለችዬ! እንኳን እግዚአብሔር አወጣሽ! የሃላሌውን በርበሬ ጥለነዋል፣ ሌላ ቦታ አግኝቻለሁ። ጠያቂው ከአቅም በላይ ነው። ዛሬ ድስት ብንጥድ...»

አዛለች መኪናውን እንደ ግድግዳ አልፋ ወርቅውሃ ጋ መጣች።

«ወይዘሮ ትዕዛዝ ማን አለላት?»

ወርቅውሃ ከዚያው መመለሷ ነበር። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሷል። ጠዋት ሁለት መቶ ሰው የነበረበት ድንኳን ውስጥ አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። ዘማሪዎቹ ሄደዋል፤ ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ጫማቸውን ፈልገው ወጥተዋል። በገዳይ ቤት ለቅሶ አይደረስም አሉ።

«ማንም የለም» አለች።

«እንግዲያው እዚያ ነኝ።»

«አዛለች፣ እናትሽ እግር ሥር የተፋችው እኮ እሷ ናት። አሁንም ታባርርሻለች።»

«ታባርረኛ! በር ላይ እቀመጣለሁ» አለች። ልጁን አቅፋ ለባጃጅ እጇን ዘረጋች። «ሴትዮዋ ልጅ ቀብራ፣ ባል ታስሮባት፣ ብቻዋን ልታለቅስ ነው? እኔ ሁለት ቀን ብቻዬን አልቅሼ አይቼዋለሁ።»

ባጃጁ ቆመ። ከኋላ የዘሩባቤል መኪና ጥሩምባውን ነፋ። አዛለች ዞር ሳትል ገባች፣ እናቷም ተከትላ ገባች፤ ሹፌሩ «ወዴት ነው?» ሲል አሮጊቷ ናት ቀድማ የለቅሶውን ቤት የነገረችው።